የመቆጠር ፍርሃት፦ ከመሬት ልኬታ እስከ ፋይዳ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከአምልኮ በኋላ ሰዎች ቀርበው ከሚጠይቁን ነገር ሁሉ ሰሞኑን የበዛው ስለ ፋይዳ ነው። «ፓስተር፣ የጣቴንና የዓይኔን አሻራ ብሰጥ ከአውሬው ጋር እቆጠራለሁ?» ይሉናል። ወጣቶቹ ጥያቄውን ከቲክቶክ ይዘውት ይመጣሉ፤ እናቶቹ ከቡና ላይ። አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ የሚልክላቸውን ገንዘብ የሚያወጡበት ባንክ የፋይዳ ቁጥር እንደጠየቃቸው፣ እሳቸውም ነፍሳቸውን ከሚያጡ ገንዘቡ ይቅር ብለው እንደተመለሱ ነግረውናል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተራ ወሬ ነው» ብሎ መሸኘት እረኝነት አይደለም።

ጥያቄውን ቀረብ ብለን ስንሰማው ግን በውስጡ ሁለት ፍርሃቶች አሉ። አንደኛው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም፦ «ስለ እኔ የሚያውቁት ማን ናቸው? ያወቁትንስ ነገ ምን ያደርጉበታል?» የሚል ነው። ሰዉ ሁለተኛውን ፍርሃት በአደባባይ መናገር ስለሚከብደው በአንደኛው ልብስ ሸፍኖ ያመጣዋል ብለን እናስባለን። ሁለተኛው ደግሞ በአገራችን፣ በዚሁ በጎጃም ምድር፣ ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ያንን ታሪክ ጥቂት እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር ግልጽ ይሁን። ፋይዳ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመ የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ነው። ተመዝጋቢው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውን፣ አድራሻውንና ዜግነቱን ይናገራል፤ የአሥር ጣቱ አሻራ፣ የሁለት ዓይኑ ብሌንና የፊቱ ፎቶግራፍ ይወሰዳል፤ በምትኩ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስቀምጧት፤ በኋላ እንመለስባታለን። ለሥራው የዓለም ባንክ 350 ሚሊዮን ዶላር ማጽደቁ ደግሞ «ፈረንጅ ስለ እኛ ዓይን ምን አገባው?» የሚለውን ሐሜት የበለጠ አሞቀው።

አዲስ ነገር ሲመጣ መፍራት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ራስ መኰንን ከጣሊያን ጉዟቸው ስልክ ይዘው በመጡ ጊዜ ሰው ሳይኖር ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን ሰይጣን አለበት ተብሎ በቤተ መንግሥት አካባቢ ካህናት እንደተቃወሙት፣ ዐፄ ምኒልክም ተቃውሞውን ንቀው እንዳስተከሉት ይነገራል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ለመሳቅ ያወራዋል። እኛ ግን በካህናቱ ላይ መሳቅ አይቀናንም። በሣጥኑ ውስጥ ጋኔን አልነበረም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መቶ ዓመት ሳይሞላ በዚያው መስመር ላይ ሦስተኛ ጆሮ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ አገሩ ሁሉ ያወቀው ነገር ሆነ። «ይህን በስልክ አናውራ» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ካህናቱ አንድ ነገር ሸትቷቸው ነበር፤ የሰየሙት ግን በተሳሳተ ስም ነው።

አሁን ወደ ዳንግላ እንምጣ። ዛሬ በዳንግላ ገበያ የሚመላለሰው ሰው ከተማዋ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ እንደነበረች ላያውቅ ይችላል። ሜጀር ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ ኖሯል። ሥራው ወረቀት መፈረም ብቻ አልነበረም። የጣናን ዳርቻ ዞሮ ለካ፤ ደሴቶቹን መዘገበ፤ ዓባይ በጥልቁ ሸለቆ የሚሄድበትን መንገድ እየወረደና እየወጣ በካርታ ላይ አሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ለሱዳን ጥጥና ለግብፅ መስኖ ሲሉ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ይመኙ ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ውኃው ከፍ ሲል የደሴቶቹ ገዳማትና የቤተ ክርስቲያን መሬት ይሰምጣሉ የሚል ስጋት ነበረ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ የውጭ አገር ሰው በበቅሎ እየዞረ፣ በመነጽር እያየ፣ የውኃችሁን ጥልቀትና የተራራችሁን ቁመት በደብተሩ ሲጽፍ ብታዩ ምን ትላላችሁ? «ይህ ሰው ለምን ይጽፋል?» ብሎ መጠየቅ የጤናማ አእምሮ ጥያቄ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ግን ያስገርማል። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ ይኸው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ካርቱም ተጠርቶ ለጎጃም ዘመቻ የመረጃ ሥራውን እንዲመራ ተደረገ። ጎጃምን ከእሱ ይበልጥ በእግሩ ያወቀ እንግሊዛዊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገብተው በበላያ ሲያልፉ፣ አርበኞችና የዊንጌት ጦር ወደ ጎጃም ሲገፉ፣ ጣሊያን የዳንግላንና የእንጅባራን ምሽግ ለቆ ወጣ። ለግድብ ምኞት የተሰበሰበው እውቀት አገር ነፃ ለማውጣት አገለገለ ማለት ነው። ደብተሩ ያው ነው፤ የጻፈውም ሰው ያው ነው። የተለወጠው ማን፣ ለምን እንደሚገልጠው ነበር። በወሬ ላይ የሚቆም ፍርሃት ይህን አይለይም፤ ቁጥር ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ ወይም ደግሞ ቁጥሩ ጥሩ ሰው እጅ ነው ሲሉት ለዘለዓለም ይተኛል።

ከነፃነት በኋላ የመጣው ታሪክ በጎጃም ሽማግሌዎች ዘንድ ከዚህ ይልቅ የሚታወስ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ያን ጊዜ አገው ምድር የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አንዱ አውራጃ ነበረ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ነገር ግን ግብሩን ለመወሰን ገማች መጥቶ የእያንዳንዱን ሰው ማሳና ምርት አይቶ መመዝገብ ነበረበት። ጎጃሜው በርስት የሚኖር ሰው ነው፤ መሬቱ የዘር ነው፤ ድንበሩን የሚያውቀው ወንድሙና ጎረቤቱ ነው። «ቀላድ» የሚለውን ቃል ደግሞ ያውቀዋል፤ በደቡብ አገር በቀላድ የተለካ መሬት እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣና ባለ አገሩ እንዴት ጭሰኛ እንደሆነ ሰምቷል። ስለዚህ ገማቹ ደብተሩን ሲገልጥ ገበሬው ያየው የዘንድሮን ግብር አልነበረም። የልጅ ልጁን ርስት ነው። በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጦር መሣሪያ ይመዝገብ ማለታቸው ተጨመረበት። መሬቱም ጠመንጃውም በአንድ ዘመን ወደ መዝገብ ሊገቡ ሆነ።

ሕዝቡ እምቢ አለ። ተቃውሞው ከሁሉ የበረታው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ነበር። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዢውን አነሡ፤ ውዝፍ ግብርንም ማሩ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም በተግባር ሳይተረጎም ቀረ።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን አመፅ «የገበሬ አላዋቂነት» ይሉታል። እኛ አንስማማም። ገበሬው ስለ አዋጁ ዝርዝር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ መዝገብ ጠባይ ግን አልተሳሳተም። አንድ ነገር አንዴ ከተጻፈ በኋላ፣ የጻፈው ሰው ባላሰበው ዓላማ ሊያገለግል ይችላል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። የሐዋርያት ሥራ 5፥37 ላይ ገማልያል ሕዝብ በተጻፈበት ዘመን ተነሥቶ ብዙዎችን ስላስከተለው ስለ ገሊላዊው ይሁዳ ይናገራል። ያ አመፅ ከጎጃሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሮማውያን ይሁዳን በቀጥታ መግዛት ሲጀምሩ ለግብር ሲሉ ንብረት ቆጠሩ፤ ይሁዳም ይህ ባርነት ነው ብሎ ተነሣ። ይህን የጻፈው ሉቃስ ነው። ይኸው ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ዮሴፍና ማርያም የአውግስጦስን ትእዛዝ ሰምተው ለመመዝገብ ወደ ቤተ ልሔም እንደወጡ ይነግረናል። ጌታችን የተወለደው ወላጆቹ ሊመዘገቡ በሄዱበት ከተማ ነው። ገና ሳይወለድ የአንድ አረማዊ መንግሥት መዝገብ መንገዱን ወሰነለት፤ የሚክያስም ትንቢት በዚያው ተፈጸመ። ስለዚህ መመዝገብ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ከሉቃስ ምዕራፍ 2 ጋር ይጣላል።

በሌላ በኩል 2 ሳሙኤል 24 አለ። ዳዊት ሕዝቡን አስቆጠረ፤ ኢዮአብ እንኳ፣ ያ ደሙ ያልደረቀ ሰው፣ «ጌታዬ ይህን ለምን ይወድዳል?» በሚል መንፈስ ተቃወመ፤ ቸነፈርም መጣ። በዘኍልቍ ግን እግዚአብሔር ራሱ ቍጠሩ ብሏል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ተርጓሚዎች ብዙ ይላሉ። እኛ የምናየው ይህን ነው፦ ለዳዊት የቀረበለት የድምር ዝርዝር ሰይፍ የሚመዝዙ ሰዎች ብዛት ነው። የእግዚአብሔርን ሕዝብ እንደ ራሱ ጉልበት አድርጎ ሊያየው ፈለገ። ሲቀጣም ንጉሡ ብቻ አልተቀጣም፤ የተቆጠሩት ሞቱ። ቈጣሪው ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ተቈጣሪው ነው።

እኛ የወንጌል አማኞች ከመዝገብ ጋር ያለን ታሪክ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በሕግ ለመመዝገብ ለመንግሥት አመለከተች። መልሱ ክልከላ ሆነ። ያልተመዘገበ ጉባኤ ደግሞ ሕገ ወጥ ነውና በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ከ200 በላይ ሰዎች ታሰሩ። መዝገብ ውስጥ አለመኖርም ሰውን ያሳስራል። ስለዚህ «ከመዝገብ መራቅ ነፃነት ነው» የሚለውን ንግግር ስንሰማ እነዚያ ወንድሞችና እኅቶች ትዝ ይሉናል። እነሱ ተጻፉ ተብለው ሸሽተው አልታሰሩም፤ ጻፉን ብለው ለምነው ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ እኛ ቀበሌ የምንላቸው፣ ተቋቋሙ። ቀበሌው ቤቱን ያውቃል፣ ኪራዩን ይቀበላል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ስኳርና ዘይት በካርድ ያድላል፤ ሰው ከአገር አገር ሲሄድ የይለፍ ወረቀት ይጽፋል። ለኑሮ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ከዚያም ቀይ ሽብር ሲታወጅ፣ ያው ጠረጴዛ ማን የት እንደሚተኛ የሚያውቅ ጠረጴዛ ሆነ። የዚያ ዘመን ሰው «ጆሮ ጠቢ» የሚል ቃል አተረፈልን። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ፤ አባት ልጁን ፈራ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአምልኮ ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ በዚያው ተገደሉ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ ደጆቿ ሲከፈቱ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሆነ? ሰዎቹ ቤት ውስጥ ገቡ። በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ተገናኙ። ዝማሬውን በሹክሹክታ አደረጉት። የአንዱ ቡድን ሰው የሌላውን ቡድን ቤት አለማወቁ ጥበብ ሆነ፤ የማያውቀውን ሰው ቢገርፉትም ሊናገር አይችልምና። በእኛ ዕድሜ ያለን አገልጋዮች ከእነዚያ ቤቶች በወጡ ሰዎች እጅ የተማርን ነን። እንግዲህ ግላዊነት፣ ማለትም ሰው ስለ ራሱ ያለውን ነገር ለማን እንደሚገልጥ ራሱ የመወሰን መብቱ፣ ከፈረንጅ አገር የመጣ ቅንጦት ነው ሲባል ስንሰማ አንቀበልም። የዚህች አገር የወንጌል ቤተ ክርስቲያን ቀበሌው የማያውቃቸው ክፍሎች ስለነበሩ በሰው በኩል ሲታይ ተርፋለች። ጌታ በተዘጋ ደጅ ውስጥ ጸልዩ ያለውን (ማቴዎስ 6፥6) እነሱ በሁለት ትርጉም ፈጽመውታል።

አሁን ቀደም ሲል አስቀምጧት ወዳልነው ዓረፍተ ነገር እንመለስ፤ ብሔርና ሃይማኖት አለመጠየቁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆላንድ የሕዝብ መዝገብ በአውሮፓ እጅግ ከተደራጁት አንዱ ነበር። የተሠራው ለመልካም አስተዳደር ነው፤ የሰው ሃይማኖትም ተጽፎበት ነበር። ናዚዎች አገሪቱን ሲይዙ መዝገቡ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ከ140,000 ገደማ አይሁድ ከ100,000 በላይ ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የተቃውሞ አርበኞች የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት ሊያቃጥሉ በሌሊት ገቡ፤ የወረቀት ክምር አቃጥለው ሰው ለማዳን። በሩዋንዳም ቤልጅየሞች በ1930ዎቹ በመታወቂያ ላይ ያስጻፉት የጎሣ ስም ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በየኬላው የሞት ፍርድ ሆነ። የጻፉት ሰዎች ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሞተዋል።

በእኛም አገር የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ኖሯል። በአዊ ለምንኖር ሰዎች ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በቻግኒ ራንች መጠለያ ውስጥ ድንኳን ሥር ሲያድሩ አይተናል፤ ሰው ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ተብሎ ተለይቶ መጎዳት ምን እንደሚመስል ከእነሱ አንደበት ሰምተናል። ስለዚህ አንድ መታወቂያ ይህን መስመር ሲተው፣ ስለ ሌላው ነገር ጥያቄ ቢኖረንም፣ እኛ በዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። እንደ እኛ ቁጥሩ ትንሽ ለሆነ የእምነት ማኅበረሰብ ሃይማኖት አለመጻፉም እንዲሁ ነው።

ቀሪው ጥያቄ ግን አለ። ስለ ሰው ብዙ የሚያውቀው ከፋይዳ ይልቅ በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሂውማን ራይትስ ዎች በኢትዮጵያ ስላለው የስልክና የኢንተርኔት ክትትል ሰፊ ዘገባ አወጣ። በዚያው ዓመት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ ሊተከል መሞከሩን ገለጠ። በዋሽንግተንና በብራስልስ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ካላመለጠ፣ የዳንግላ ነጋዴ «ስልኬ ተጠልፎ ይሆን?» ቢል ማን ሊስቅበት ይችላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲናገር፣ ከተናገረው ውጭ እንዳይጠቀምበት፣ እንዲጠብቀውም ያስገድዳል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። የሚጠይቅ ዜጋ ከሌለ ግን ሕግ መደርደሪያ ላይ ያለ ወረቀት ነው፤ ብዙ የአገራችን ሰው ደግሞ ይህ አዋጅ መኖሩንም አልሰማም።

ስለ 666ም ያልነውን ለማስተዋል አንድ የጥንት ታሪክ ይርዳን። እ.ኤ.አ. በ250 የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው በባለሥልጣን ፊት ማስረጃ ይቀበላል፤ ወረቀቱ ስሙን፣ መንደሩን፣ ለአማልክት መሠዋቱንና ከመሥዋዕቱ መቅመሱን ይናገራል። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተው ዛሬም አሉ። ብዙ ክርስቲያኖች እምቢ ብለው ሞቱ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሳይሠዉ ጉቦ ከፍለው ወረቀቱን ገዙ፤ የካርቴጅ ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስና ባልንጀሮቹም ከስደቱ በኋላ እነዚህን ሰዎች ምን እናድርጋቸው ብለው ብዙ ተከራከሩ። ክርክሩ ስለ ምን እንደነበረ ልብ እንበል። ወረቀቱ ቀለም ስላለው ወይም ቁጥር ስላለው አልተጨነቁም፤ ወረቀቱ «ለጣዖት ሠዋሁ» ይላል። የራእይ 13 ምልክትም እንዲሁ ከስግደት ጋር የተያያዘ ነው። ምልክቱን የሚቀበለው ለአውሬውና ለምስሉ የሚሰግድ ነው፤ ቀጥሎ በምዕራፍ 14 መጀመሪያ ደግሞ የበጉና የአባቱ ስም በግምባራቸው የተጻፈ ሌሎች ሰዎች ቆመዋል። ሳያውቁ፣ ጣታቸውን በመስታወት ላይ አድርገው፣ በአጋጣሚ ክርስቶስን የካዱ ሰዎች በራእይ መጽሐፍ ውስጥ የሉም።

በእኛ ዕድሜ እንኳ ስንቱ ነገር 666 ተብሎ አለፈ! በሸቀጥ ላይ ያለው ባለ መስመር ምልክት፣ የኮቪድ ክትባት፣ አሁን ፋይዳ። ስብከቱ ሲረሳ የሰበከው ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አልሰማንም። ጉዳቱ ይህ ነው፦ በሐሰት የተፈራ ሰው አንድ ቀን «እምነትህን ካድ፣ እንጀራህን ውሰድ» ተብሎ በእውነት ቢጠየቅ ድንጋጤውን ቀድሞ ጨርሶታል። በዚያ ላይ ከባንክ ደጅ የተመለሱት እናት ገንዘባቸውን በማጣታቸው ቅድስናቸው አልጨመረም።

ስለዚህ ለሚጠይቁን ሁሉ እንዲህ እንላለን። በነፃነት ተመዝገቡ፤ ሕሊናው ገና ያልዳነበት ሰው ካለ አትግፉት፣ አስረዱት (ሮሜ 14)። ስትመዘገቡም ምን እንደሚጠየቅ እወቁ፤ ከተጻፈው በላይ የሚጠይቅ ሰው ካለ ለምን በሉት። ቁጥራችሁን በየሱቁ አትበትኑ፤ የመታወቂያችሁን ፎቶግራፍ ለማታውቁት ሰው በቴሌግራም አትላኩ። በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚለው ሌባ ሰዎችን ባዶ ኪስ እያስቀራቸው ነው፤ ስለ እሱ ከምስባክ ላይ ሲነገር ግን እምብዛም አንሰማም።

ከዚህ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ቤታችን ይመጣል። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ከባንክ በላይ ታውቃለች። ማን ከባለቤቱ ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ሱስ ውስጥ እንደወደቀ፣ ማን የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች። ዛሬ በብዙ አጥቢያ የጸሎት ርእስ በቴሌግራም ይላካል፤ «እኅት እገሊት በትዳሯ ስለገጠማት ነገር ጸልዩ» ተብሎ፣ ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ። ምግብ የተረዱ አረጋውያን ዘይትና ዱቄት ይዘው ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ፎቶው ለረጂዎች ይሄዳል፤ ፌስቡክም ላይ ይወጣል። እንጅባራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ገበያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ያወቃቸዋል። አጋንንት ሲወጣላት መሬት ላይ የወደቀች ልጃገረድ ፊቷ በቀጥታ ስርጭት ይታያል። ይህን ያደረገው ቀበሌ ወይም የውጭ ኩባንያ አይደለም። ሐሜተኛ ሚስጥርን ይገልጣል የሚለው የምሳሌ መጽሐፍ ትምህርት (11፥13) ከምስባክ በታች ላለው ብቻ አልተጻፈም።

ጌታ እንዴት እንዳደረገ እንመልከት። ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማርቆስ 7፥33)። ዕውሩን እጁን ይዞ ከመንደር ውጭ አወጣው (8፥23)። በኢያኢሮስ ቤት የሚያለቅሱትንና የሚጮኹትን ሁሉ አስወጥቶ ከአባትዋ፣ ከእናትዋና ከሦስት ደቀ መዛሙርት ጋር ብቻ ገባ። ልጅቱ ስትነሣም ይህን ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዘ፤ የሚበላም ስጧት አለ። ታሪኩን ማቴዎስም፣ ማርቆስም፣ ሉቃስም ጽፈውታል፤ የአባቷ ስም አለ፤ የእሷ ስም ግን በአንዱም ውስጥ የለም።

በዚህ መሠረት በአካባቢያችን ካሉ መሪዎች ጋር እየተነጋገርንባቸው ያሉ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የአባላት መዝገብ ብሔር የሚል ዓምድ ካለው ይሰረዝ። የምክር አገልግሎት ማስታወሻ በመካሪው እጅ ብቻ ይኑር፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይቃጠል። የጸሎት ርእስ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በስም አይነገር። የተረዳ ሰው ፎቶ አይነሣ፤ ረጂው ከፈለገ በቁጥርና በደረሰኝ ይነገረው። በስብሰባ መካከል የወደቀ ሰው ሲኖር ካሜራው ይዘጋ፤ እኅቶች ነጠላ ይዘው ይክበቡት። አንድ ሽማግሌ ይህን ስንናገር ሰምተው «እኛ በደርግ ጊዜ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረን እናደርገው ነበር» አሉ፤ ያኔ በየቤቱ ስለነበረው ጸሎትም ብዙ አጫወቱን። ቤቶቹ የት የት እንደነበሩ ስንጠይቃቸው ግን ፈገግ ብለው ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት።